የወረዳችሁ በጀት የት እንደገባ እንዴት መከታተል ይቻላል

አራት ኪሎም ኑሩ ልደታ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ኮብልስቶን ወይ የውሃ ማፋሰሻ ተጀምሮ ከቆመ "ብሩ የት ገባ" እያሉ ካፌ ውስጥ ከመብሰልሰል ደብዳቤ ይዞ ወረዳ መሄድ ይሻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፣ ስለዚህ መረጃውን ሲሰጧችሁ ውለታ እየዋሉላችሁ አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ምረጡ።

ከዛ ደብዳቤው። "የበጀት መረጃ ይሰጠኝ" ብቻ ካላችሁ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተቱ ትውላላችሁ፣ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት፦ የጸደቀው ካፒታል በጀት (ለግንባታና ለመሳሰለው ሥራ የሚያዘው)፣ የውሉ ዋጋ፣ እስካሁን የተከፈለው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ እኔ የምመርጠው የ6 ወር ሪፖርት ካለቀ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፣ ሰኔ ላይ ፋይናንስ ሂሳብ መዝጋት ላይ ስለሆነ የሚያዳምጣችሁ የለም።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡና በእናንተው ኮፒ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ማህተም ከሌላችሁ ግን 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አትችሉም። ከዘገየ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤት በሉ፣ እሱም ካልሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ቁጥሩን ማንበብ። ሪፖርቱ ላይ "75 በመቶ ሥራ ላይ ውሏል" ሲባል ከምን 75 እንደሆነ ሳታዩ አትለፉ። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር ጸደቀ እንበል፣ መሀል ላይ 1.2 ሚሊዮኑ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፣ የተስተካከለ በጀት የሚባለው 2.8 ሚሊዮን ሆነ፣ ከሱ 2.1 ሚሊዮን ተከፈለ። 75 በመቶው ልክ ነው፣ ግን መጀመሪያ ከተባለው 4 ሚሊዮን ጋር ካያችሁት ግማሹን ትንሽ ነው ያለፈው። ዝውውር በራሱ ሌብነት አይደለም፣ ሕጋዊ አሠራር ነው፣ እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ማን እንደፈቀደውና ብሩ ወደየትኛው ሥራ እንደሄደ ነው።

ሌላው ደግሞ ፋይናንሺያልና ፊዚካል አፈጻጸም፣ ማለትም የወጣው ብርና መሬት ላይ የተሠራው ሥራ፣ ይለያያሉ፣ ቅድመ ክፍያ ስለሚሰጥ ብሩ ወጥቶ መሬት ላይ አንድ ድንጋይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ኤክሴል አያስፈልግም፣ ደብተር ላይ አራት መስመር ይበቃል፦ የጸደቀ፣ የተስተካከለ፣ የተከፈለ፣ የተሠራ።

ሳይቱን ሂዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉበት።

ልዩነት ካገኛችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ተበላ" ብላችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት የወረዳው የሕዝብ መድረክ ላይ ሰነዱን ይዛችሁ ጠይቁ፣ እንዲህ ያለ ክስ ተለጥፎ ማብራሪያ ከተገኘ ቀጣዩን ጥያቄያችሁን የሚሰማ አይኖርም። ጥያቄያችሁና የተሰጣችሁ መልስ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር እዛው ጠይቁ፣ የሚቀጥለው መድረክ ላይም ከዛው ጀምሩ።