በቱርክኛ «ከመጣ» እና «ቢመጣ»፦ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ላሌሊ ኢስታንቡል ውስጥ ያለ የልብስ ጅምላ ሰፈር ነው። ለንግድ የሄደ አበሻ አያጣውም። እዚያ አንድ ባለሱቅ «ያርን ጌሊርሴን ኢንዲሪም ያፓርም» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ጌሊርሲን» ብሎ ነው፤ «ነገ ትመጣለህ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ»። ቅናሹ ያለቀለት ነገር መስሎኝ ተረጋጋሁ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ቅናሽ የለም። ሰውየው አልዋሸኝም። ያለኝ «ነገ ከመጣህ» ነበር።

እንግዲህ አንዱ ስህተት ይኸው የጆሮ ስህተት ነው። «ሲን» ተራ «አንተ» ናት። «ሴን» ግን «ሴ» የምትባለው የሁኔታ ቅጥያ ላይ የ«አንተ» «ን» ተጨምሮባት ነው። ልዩነቱ አንዲት አናባቢ ናት።

ከሁሉም የሚብሰው ግን «ጌሊርሴ» እና «ጌልሴ»ን አንድ አድርጎ መያዝ ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ መቸገር የለበትም ባይ ነኝ። ቋንቋችን ልዩነቱን ድሮም ያውቀዋል። «ጌሊርሴ» «ከመጣ» ነው፤ ሊሆን የሚችል ነገር። «ጌልሴ» «ቢመጣ» ነው፤ ግምት ወይም ምኞት። ቱርኮች «ኬሽኬ ጌልሴ» ሲሉ «ምነው ቢመጣ» ማለታቸው ነው። «ጌልሴ ዴ» ካሉ ደግሞ «ቢመጣም»። በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ አትድከሙ፤ በቀጥታ ከአማርኛ ተነሡ።

«ጌልሴይዲ» እና «ጌልዲይሴ»ም ያምታታሉ። በሁለቱም ውስጥ «ሴ»ም «ዲ»ም አሉ፤ የተለዋወጡት ቦታ ብቻ ነው። «ጌልዲይሴ ቻይ ቬር» ማለት «መጥቶ ከሆነ ሻይ ስጠው» ነው። ተናጋሪው መምጣቱን አላወቀም። «ጌልሴይዲ ቻይ ቬሪርዲም» ግን «ቢመጣ ኖሮ ሻይ እሰጠው ነበር»። ሰውየው አልመጣም፣ አለቀ።

አሉታው ላይ እጃችን ወደ ፊት ይሄዳል፤ እኛ «ካልመጣ» ስንል «አል» ከግሡ ይቀድማል። በቱርክኛ ከግንዱ ቀጥሎ መሐል ይገባል፦ ጌል-ሜዝ-ሴ። «ጌሊርሜሴ» የሚባል ቃል የለም።

«እኛ» ሲሆንም ተጠንቀቁ። «እንመጣለን» «ጌሊሪዝ» ነው፤ «ከመጣን» ግን «ጌሊርሴክ»። «ኢዝ» ትወጣና «ክ» ትገባለች።

«ኤየር» የምትለዋን፣ ሁኔታ እንደሚከተል የምታመለክት ቃል ተናግሮ ቅጥያውን መተውም የተለመደ ነው። ሁኔታውን የሚሸከመው ቅጥያው ነው። «ኤየር» ብትቀር ምንም አይጎድልም፤ «ሴ» ከቀረች ግን ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

የአናባቢ ስምምነት፣ ማለትም የቅጥያው አናባቢ የግንዱን መከተሉ፣ እንኳን ቶሎ ይለመዳል፤ «ጌልሴ» ካልን «ባክሳ» («ቢያይ») እንላለን። አስቸጋሪው ከ«ሴ» በፊት የሚመጣው ክፍል ነው። በተነባቢ የሚያልቁ ባለአንድ ቀለም ግሦች አብዛኞቹ «አር» ወይም «ኤር» ይወስዳሉ፦ ባካርሳ፣ ያፓርሳ። ከዚህ የሚያፈነግጡት 13 ናቸው። ጌል፣ አል፣ ቬር፣ ካል፣ ቢል እና ኦል ከነሱ ውስጥ ናቸው። ጥቂት ቢሆኑም በየቀኑ አፍ ላይ ያሉ ናቸውና 13ቱንም በቃል ያዙ። «አላርሳም» ሳይሆን «አልርሳም» ነው።

ለነጋዴ ደግሞ ይቺ ቃል ገንዘብ ናት። «ኦቱዝ ታኔ አልርሳም ካች ሊራ ኦሉር?» ስትሉት «30 ከወሰድኩ ስንት ይሆናል?» ብላችሁታል። «አልሳም» ካላችሁት «ብወስድ» ነው፤ ገና እያሰባችሁ እንደሆነ ይሰማዋል።