በታዳጊ ሕፃናት ምግብ ስላለው ስኳር ወላጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

በሥነ ምግብ አማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ይዘው ከሚመጡ ወላጆች ደጋግሜ የምሰማው መልስ «ስኳር አናስቀምሰውም፤ የምንሰጠው የፍራፍሬ ጭማቂ ብቻ ነው» የሚል ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ አብዝቶ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ፍራፍሬ ሙሉውን ሲበላ ስኳሩ ከቃጫው ጋር ተያይዞ ስለሚገባ ልጁ ለማኘክ ጊዜ ይወስድበታል፣ ቶሎም ይጠግባል። ሲጨመቅ ግን አብዛኛው ቃጫ ይቀርና ስኳሩ ብቻውን ይወርዳል፤ አንድ ብርቱካን መጨረስ የሚያቅተው ልጅም የሦስት ብርቱካን ጭማቂ ሳይታወቀው ይጨልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርንና ምንም ያልተጨመረበትን ጭማቂ ጭምር «ነፃ ስኳር» ብሎ ከተለመደው ስኳር ጋር መድቧቸዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከአንድ ዓመት በፊት ጭማቂ ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል።

ጭማቂው በጡጦ ተደርጎ ከመኝታ ጋር ሲሰጥ ጉዳቱ ይብሳል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳሩ ጥርስ ላይ ሌሊቱን ያድራል። የአንዲት የሁለት ዓመት ልጅን የላይኛውን ከንፈር ገለጥ አድርጌ ሳይ አራቱ የፊት ጥርሶቿ ከድዱ ሥር ጀምሮ ቡናማ ሆነው ነበር፤ የታችኞቹ ግን ምላሷ ስለሚሸፍናቸው ንጹሕ ነበሩ። እናቷ በየምሽቱ የምትሰጣት የሚጠቅማት መስሏት ስለነበር አለቀሰች፤ እኔም ቀደም ብሎ የነገራት ሰው ባለመኖሩ አዘንኩ።

ማርን የስኳር ምትክ ማድረግም ስህተት ነው፤ እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ልጄ ገንፎ ላይ ስጨምር ቆይቻለሁ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

በእሽግ ምግብ ላይ «ለልጆች» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አምኖ መግዛት ሌላው ስህተት ነው። ምንም ያልተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም ውስጥ ከ4 እስከ 5 ግራም የሚሆን ላክቶስ፣ ማለትም የወተቱ የራሱ ስኳር፣ አለው፤ ጣፋጩ እርጎ ላይ 12 ግራም የሚል ከተጻፈ 7 ግራም ያህሉ፣ ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጠጋው፣ ከውጭ የገባ ነው። ግሉኮስ፣ ዴክስትሮስ፣ ሽሮፕ ወይም የተጨመቀ ፍራፍሬ ክምችት ተብሎ ቢጻፍም ያው ስኳር ነው።

ይህን ሰምተው ሙሉ ፍራፍሬንና ወተትን የሚከለክሉም አሉ፤ እባክዎ አይከልክሉ።

ጣፋጭን ማባበያ ማድረግ ሌላውን ምግብ እንደ ቅጣት ያስቆጥረዋል። ልጁ አትክልቱን አንዴ ስለተፋው «አይወድም» ብለው ወደ ጣፋጩ አይመለሱ፤ ብዙ ልጆች አዲስ ጣዕም የሚቀበሉት ስምንት፣ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከቀመሱት በኋላ ነውና ሳያስገድዱ በትንሽ በትንሹ ደጋግመው ያቅርቡለት።