ቃሪያ ሲቀቀል ቫይታሚን ሲው የት ይሄዳል? ቤታችሁ ውስጥ እንዴት እንደምትለኩት

እህቴ ቃሪያ ወጥ ውስጥ ካልበሰለ አትበላም። እኔ ደግሞ ስንግ ከሌለ ሽሮው አይወርድልኝም። አንድ ቀን እዚሁ ደሴ፣ ምሳ ላይ፣ «ሁለቱም ያው ቃሪያ ነው» ስትለኝ «እንግዲያው እንለካው» አልኳት። ከሰኞ ገበያ ሎሚና ቃሪያ፣ ከመድኃኒት ቤት አዮዲንና ሲሪንጅ ገዝተን ከሰዓት በኋላውን ማዕድ ቤት ውስጥ አሳለፍን። የሠራነው በምግብ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ታይትሬሽን የሚባለውን ነው። እናንተም ትችላላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዮዲን ስታርች (ከድንች የሚወጣውን ነጭ ዝቃጭ) ሲያገኝ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ቫይታሚን ሲ ባለበት ግን ቫይታሚኑ ይቀድምና አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው አዮዳይድ ይለውጠዋል። ስለዚህ አዮዲን ጠብ ስታደርጉ ሰማያዊው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቫይታሚኑ ሲያልቅ ግን ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ብዙ አዮዲን የጠጣ ፈሳሽ ብዙ ቫይታሚን ሲ ነበረው ማለት ነው።

ዕቃውን አስቀድማችሁ አሰናዱ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቃሪያው ከተቆረጠ በኋላ ሲሪንጅ ፍለጋ መሮጥ አይሆንም፤ ቫይታሚን ሲ አየር ሲነካው እየቀነሰ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ለቁስል የሚሸጠው ቲንክቸር አዮዲን፣ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ሲሪንጆች (ያለ መርፌ)፣ ቀለም የሌለው የ500 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ክኒን፣ አንድ ድንች፣ አቼቶ፣ የታሸገ ውሃ፣ ጥቂት ብርጭቆዎችና ትንሽ ሚዛን ነው። ብርጭቆዎቹን ከዚህ በኋላ ለመጠጥ አትመልሷቸው። አዮዲን ቢጠጣ ይመርዛል፤ ስለዚህ የለካችሁትን ጭማቂ መቅመስ የለም፣ ሕፃናትም አይጠጉ።

ስታርች ከድንች

ድንቹን ፈቅፍቁና ውሃ ውስጥ አሹት። በንጹሕ ጨርቅ ጨምቃችሁ አጥልሉት፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። የላዩን ውሃ ስታፈሱት ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ታገኛላችሁ። ስታርቹ እሱ ነው። ከእሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፤ ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ ጨምራችሁ እያማሰላችሁ አንድ ደቂቃ አፍሉት። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ይህችን «ጠብቁ» አትለፏት። እኔ መጀመሪያ ስሠራ ቸኩዬ ትኩሱን በብዛት ጨመርኩት። አዮዲኑን ባንጠባጥብ ባንጠባጥብ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። «ይሄ ሎሚ ጉድ ነው፣ ቫይታሚኑ አያልቅም» እያልኩ ለእህቴ አወራሁ። ለካ ስታርችና አዮዲን ትኩስ ላይ አይያያዙም። ትቼው ሄጄ ስመለስ ብርጭቆው ቀዝቅዞ እንደ ቀለም ጠቁሮ ጠበቀኝ።

መለኪያውን መለካት

የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው። አዮዲናችሁ ስንት ቫይታሚን እንደሚይዝ ካላወቃችሁ ሎሚው «ብዙ ጠጣ» ማለት ምንም አይነግራችሁም። መጠኑ በሚታወቅ ነገር ፈትኑት፤ ክኒኑን የገዛነው ለዚህ ነው።

ክኒኑን ጨፍልቃችሁ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሙት። ሳይሟሟ የሚቀረው ነጭ ብናኝ የክኒኑ ማያያዣ ነውና አያስጨንቃችሁ። አሁን በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አላችሁ። በሌላ ዕቃ 10 ሚሊ ሊትር ቲንክቸር ከ90 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ ከቤት ቤት ቢለያይ ችግር የለም፤ ክኒኑ ያስተካክለዋል።

ከክኒኑ ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ። 20 ሚሊ ሊትር ውሃና 10 ጠብታ የቀዘቀዘ ስታርች ጨምሩ። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፣ ቀለሙ በደንብ ይታያል። በሁለተኛው ሲሪንጅ አዮዲኑን ጠብ፣ ወዝወዝ፤ ጠብ፣ ወዝወዝ። መጀመሪያ ሰማያዊው ቶሎ ይጠፋል። ሊያበቃ ሲል መጥፋቱ ይዘገያል፤ ያኔ እጃችሁን ያዝ አድርጉ፣ አንድ ጠብታ ብቻ። ሰማያዊው ለ20 ሰከንድ ሳይጠፋ ከቆየ አቁሙና ሲሪንጁ ላይ ስንት እንደሄደ አንብቡ። ቲንክቸሩ 2 በመቶ ከሆነ 7 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል። ሦስት ጊዜ ደጋግሙትና ሦስቱንም ጻፉ። አንዱ ከሌሎቹ ብዙ ከራቀ እጃችሁ ፈጥኗል ማለት ነው፤ አራተኛ ሥሩ። አማካዩን ያዙ።

ሎሚው

ሎሚውን ጨምቃችሁ በሻይ ማጥለያ አጥልሉ። 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ልክ እንደ ክኒኑ ሥሩ፤ ውሃውም ስታርቹም ያው። ክኒኑ 7 ሚሊ ሊትር ፈጀ፣ ሎሚው ደግሞ 2.8 ፈጀ እንበል። 2.8ን ለ7 አካፍሉ፣ በ10 አባዙ፤ 4 ሚሊግራም ይመጣል። 10 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ይህ ካለ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ሚሊግራም አለ። የሎሚ ጭማቂ ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው።

ቃሪያው፣ ጥሬና ቅቅል

አንዱ ቃሪያ ከሌላው ስለሚለያይ እያንዳንዱን ለሁለት ቁመቱን ሰንጥቁት። ግማሹ ጥሬ ይቆያል፣ ግማሹ ይቀቀላል። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ የመቀቀሉ እንጂ የቃሪያው አይሆንም።

ከጥሬው 10 ግራም መዝናችሁ ከአንድ ማንኪያ አቼቶ ጋር ውቀጡ። አቼቶው ቫይታሚኑ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። የነሐስ ሙቀጫ ግን አይሁን፤ ነሐስ ውስጥ ያለው መዳብ ቫይታሚን ሲን ያበላሻል። ውሃ ጨምራችሁ ጠቅላላውን 50 ሚሊ ሊትር አድርሱት፣ አጥልሉ፣ 10 ሚሊ ሊትር ለኩ። ስሌቱ እንደ ሎሚው ነው፤ በመጨረሻ ግን በ50 ታባዛላችሁ፣ ይህ በ100 ግራም ቃሪያ ውስጥ ያለው ነው። ሌላውን 10 ግራም ለ10 ደቂቃ ቀቅሉና በተመሳሳይ መንገድ ሥሩ። የተቀቀለበትን ውሃም እንዳትደፉት። እሱንም አቀዝቅዛችሁ ለብቻው ለኩት።

እኛ ቤት የተቀቀለው ቃሪያ በግልጽ ያነሰ አዮዲን ጠጣ። እህቴን ያስገረማት ግን ውሃው ነው። ሰማያዊውን አጠፋው! ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ከፊሉ በሙቀት ሲጠፋ ከፊሉ ወደ መቀቀያው ወጥቷል። ወጥ ከሆነ መረቁ አብሮ ስለሚበላ እሷም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈችም።

ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ አብራችሁ ሞክሩት። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 94 ይጠጋል። ድስቱም ሰዓቱም አንድ ይሁንና ቁጥራችሁን አነጻጽሩ።

ቃሪያ ለዚህ ሥራ ባለውለታ ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1930ዎቹ ቫይታሚን ሲን በብዛት ማውጣት የቻለው ከአገሩ ቀይ በርበሬ ነው። በ1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ለኛም ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከጤፍና ከሽሮ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ አብሮ የሚበላ ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። በጾም ጊዜ ስንጉን ከሽሮው ጎን ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

ልትጠነቀቁበት የሚገባ

አዮዲን ቫይታሚን ሲን ብቻ አይቆጥርም። እንዳይበላሽ ሰልፋይት የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት የታሸገ ጭማቂ ስትለኩ ቁጥሩ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ቀዩ በርበሬም ቀለሙ ሰማያዊውን ይሸፍንባችኋል፣ ስለዚህ በአረንጓዴው ጀምሩ። ትላልቅ ላብራቶሪዎች ኤችፒኤልሲ በሚባል መሣሪያ ቫይታሚኑን ከሌላው ለይተው ነው የሚለኩት። የኛ ቁጥር ጥሬውን ከቅቅሉ፣ የዛሬውን ሎሚ ሳምንት ከተቀመጠው ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

ስትጨርሱ ጨርቅ ላይ ወይም እጃችሁ ላይ ቡናማ እድፍ መኖሩ አይቀርም። የእህቴ ነጭ ጨርቅ ጫፉ ላይ ጠብታ አርፎበት ልትቆጣ ስትል ከክኒኑ ውሃ የተረፈውን አፈሰስኩበት። እድፉ ዓይናችን እያየ ለቀቀ። ከዚያ በውሃ አለቀለቅነው።