ባህላዊ ቀስት ውርወራ እንዴት እንደሚጀመር

ማነጣጠሪያ የለውም፣ መሳቢያ መዘውር የለውም፤ ደጋን፣ አውታርና ባለላባ ፍላጻ ብቻ። ጀማሪን የሚያበላሸው ግን የዕቃ ማነስ ሳይሆን የደጋን መክበድ ነው።

የደጋን ክብደት የሚባለው አውታሩን 28 ኢንች (71 ሴ.ሜ. ገደማ) ለመሳብ የሚፈጀው ጉልበት ሲሆን፣ በፓውንድ ደጋኑ ላይ ይጻፋል። ለአዋቂ ጀማሪ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ ይበቃል። «ጉልበት አለኝ» ብሎ በ45 የጀመረ ሰው ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፣ አውታሩ ፊቱ ጋ ሳይደርስ ይለቃል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ከመማሩ ይከብዳል።

መሪ ዓይንዎን ይለዩ። እጆችዎን ዘርግተው በመዳፎችዎ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥሩ፤ በዚያ በኩል ራቅ ያለ ነገር እያዩ ዓይኖችዎን ተራ በተራ ይጨፍኑ። ነገሩ ከቀዳዳው የማይጠፋው በመሪው ዓይን ሲያዩ ነው። ቀኝ ከሆነ አውታሩን በቀኝ ይሳቡ።

ፍላጻው ተስቦ ሲያበቃ ጫፉ ከደጋኑ ፊት ቢያንስ 3 ሴ.ሜ. ይትረፍ፤ ካጠረ ደጋን የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል። የእንጨት ዘንግ ከሆነ ከመወርወርዎ በፊት ሁልጊዜ በቀስታ ለመጥ እያደረጉ ስንጥቅ ይፈልጉ። የተሰነጠቀውን ሰብረው ይጣሉት። የክንድና የጣት መከላከያ ቆዳም ያስፈልጋል።

ከኢላማው 5 ሜትር ርቀው፣ ጎንዎን ሰጥተው፣ እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው ይቁሙ። ቀለሙ የተለየው ላባ ከደጋኑ ወደ ውጭ ይዙር። ፍላጻው አውታሩ ላይ የሚሰካው ከደጋኑ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሚሠራበት 1 ሴ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ቦታውን ክር ጠምጥመው ምልክት ያድርጉበት። አመልካች ጣት ከፍላጻው በላይ፣ መካከለኛውና የቀለበት ጣት ከታች። አይቆንጥጡት፤ ፍላጻው ከደጋኑ ላይ እየሸሸ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ደጋን የያዘው ክንድ ክርን ወደ ውጭ ይዙር፤ አለዚያ አውታሩ ይገርፈዋል። በክንድ ሳይሆን በጀርባ ይሳቡ። የአመልካች ጣትዎ የአፍዎን ጥግ ሲነካ ይቁሙ፣ ሁልጊዜም እዚያው። ከዚያ ጣቶችዎን ያላሉ፤ ፍላጻው እስኪያርፍ ደጋኑን አያውርዱ።

ቀኝ እጀኛ ሆነው ፍላጻዎቹ ግራ በኩል ተሰባስበው ካረፉ ዘንጉ ለደጋኑ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀኝ ከሆነ ላልቷል። ከተበታተኑ ግን በዕቃው አይፍረዱ፣ እጅዎ በየጊዜው ሌላ ቦታ እየቆመ ነው።

ባዶ አውታር ስበው አይልቀቁ። ፍላጻው ይዞት ይሄድ የነበረው ኃይል ደጋኑ ላይ ይቀርና ሊሰብረው ይችላል። የእንጨት ደጋን ሲጨርሱ አውታሩን ያውልቁ፤ እንደተወጠረ ከከረመ ጎብጦ ይቀራል።

ፍላጻ ሲነቅሉ አንድ እጅዎን ኢላማው ላይ ተጭነው፣ በሌላው ዘንጉን ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ከኋላዎ ሰው አይቁም፤ የዘንጉ ጭራ ከዓይን ቁመት ጋር እኩል ነው።