ዘመድ በሌለበት ሐዋሳ አራስ ለሚያርስ አባት

ባለቤትህ የምትወልደው እናቷ ካሉበት አገር ርቃ ከሆነ፣ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ልጅ የሚያጥብ፣ «ይሄ ያልፋል፤ ይሄ ግን ሐኪም ይየው» ብሎ የሚለይ ሰው አጠገባችሁ የለም። በሥራ ዝውውር ሐዋሳ የገባ አባት ይህን ቦታ ራሱ መሸፈን አለበት። ይቻላል፤ ግን የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት የሚያገኘው የወሊድ ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃድህን አታባክን፤ አለቃህንም ቀደም ብለህ አነጋግር። ከፋፍለህ መውሰድ ከተፈቀደልህ ግማሹን እንደወለደች፣ ግማሹን ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ልታርሳት የመጣች ዘመድ ካለች እሷ ወደ አገሯ ስትመለስ ተጠቀምበት። ቤቱ በጣም የሚከብደው ያኔ ነው።

ቤት ስትከራይ

ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ዝናብ ሲጥል ውሃው ቶሎ የሚወርድበት አያገኝም፤ ቦይ ውስጥ፣ ያላለቀ ግንባታ ሥር፣ የኮረኮንች መንገድ ጉድጓድ ላይ ይተኛል። ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ ለአራስ ቤት ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ የሚታየው ይሄ ነው። ቤቱን በቀን ብቻ አይተህ ቀብድ አትክፈል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተመለስና ግቢው ውስጥ አሥር ደቂቃ ቁም፤ የትንኙን ብዛት ያኔ ታውቀዋለህ። ሐይቅ ዳር ነፋሱ ደስ ይላል፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ አጠገብ መኖርም ያምራል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ከውሃው ራቅ ያለ ቤት ይሻላል።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት በየካቲትና በመጋቢት ቀን ላይ ለጨቅላ አይሆንም። መስኮቱ የትንኝ ወንፊት ከሌለው ራስህ ታስገጥማለህ፤ ወንፊቱ በሜትር ይሸጣል፣ አናጺ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ ወጪው ከኪራዩ ይታሰብ እንደሆነ ከአከራይህ ጋር አስቀድመህ ተስማማ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ግቢው ውስጥ ያለውን ተከራይ ጠይቅ። አራስ ባለችበት ቤት የሚታጠበው ጨርቅ ብዙ ስለሆነ ሮቶ የሌለው ግቢ ያስቸግራል። በመጨረሻ ደግሞ ዝናብ በዘነበበት ቀን ባጃጅ እስከ በሩ ይገባ እንደሆነ እይ። ቀን የሚገባ ባጃጅ ሌሊት ጭቃውን አይቶ አስፋልቱ ላይ ሊያወርድህ ይችላል። በአካባቢው የሚያድር አንድ የባጃጅና አንድ የመኪና ሹፌር ቁጥር ይኑርህ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑንም ሁለታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡ።

አጎበር

ጤና ጣቢያ የሚታደለው አጎበር በፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረ ነው፤ ለእርግዝና ክትትል ስትሄዱ ጠይቁ። ገበያ ላይ ያለው እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው የሕፃን አጎበር ብዙውን ጊዜ ኬሚካል የለውም፤ ለቀን እንቅልፍ ይሆናል፣ ሌሊት ግን የልጁ አልጋም በተነከረ አጎበር ሥር ይግባ።

አዲሱን አጎበር ከላስቲኩ አውጥተህ ጥላ ባለበት ቦታ አንድ ቀንና ሌሊት አናፍሰው፤ በቀጥታ ብትተኙበት ቆዳና ዓይን ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ በአራቱ ማዕዘን ምስማር ምታና ገመዱን አስተካክል፤ ጫፉ ዙሪያውን ፍራሽ ሥር ከአንድ ስንዝር የማያንስ መግባት አለበት። አልጋው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሳብ አድርገው፤ በግድግዳው በኩል አጎበሩ ሰውነት ላይ ከተለጠፈ ትንኟ በቀዳዳው መካከል ትነክሳለች። ጀንበር ሳትጠልቅ አውርደው፤ ቀድማ የገባች ትንኝ ካለች ከልጁ ጋር ዘግተህባት እንዳታድር ዓይንህን ጣል አድርግ። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። በረኪናና ፀሐይ ኬሚካሉን ያጠፉታል፤ ቶሎ ቶሎ ማጠብም እንዲሁ፤ በሦስት ወር አንዴ ይበቃል።

በርሜልና ሮቶ ክዳናቸው የሚገጥም ይሁን። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የምትችለው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ክፍቱን የሚቀመጥ ባልዲና በርሜል በሳምንት አንዴ ደፍተህ ጎኑን በቡርሽ ፈትግ፤ እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት ያላነሰ ጊዜ ስለሚፈልግ ይሄ ይቀድመዋል።

የሚጠጣ ውሃ

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ብዙ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል፤ የሐዋሳ ሐይቅም እንደዚሁ። በአካባቢው የምታየው ቡናማ ጥርስ ከዚህ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ብዙ አባት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይቀንስም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያጠራቅመዋል። ተራው የሸክላ ማጣሪያም አያወጣውም። ጥርስ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ስለሆነ፣ ልጁ ከስድስት ወሩ በኋላ የሚጠጣውና ገንፎው የሚሠራበት ውሃ ምንጩ የታወቀ ይሁን። በግቢው የግል ጉድጓድ ካለ ለልብስና ለጽዳት አድርገው፤ ለምግብ ተጣርቶ የሚመጣውን የከተማውን ቧንቧ አፍልተህ ተጠቀም። እስከ ስድስት ወር ግን ጡት ብቻ ነው፤ በሙቀትም ቢሆን ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም። ጡት የምታጠባዋ እናት ናት ብዙ መጠጣት ያለባት። ባጠባች ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገቧ ማስቀመጥ ያንተ ሥራ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከደጋ የመጣ ቤተሰብ ሐዋሳ ላይ ልጅ ያፍናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፤ እዚያ ልክ የነበረው ጋቢና ሹራብ እዚህ ሽፍታ ያወጣል። እጅና እግሩን ነክተህ አትፍረድ፤ የጨቅላ እጅ ሁሌም ቀዝቀዝ ይላል። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳብስ፤ ላብ ካለው አንድ ልብስ ቀንስ። አንተ ከለበስከው አንድ ድርብ ጨምሮ መልበስ ይበቃዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱ ይበርዳል፣ ኮፍያና ካልሲ አትርሳ። በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ።

ገላው ከ24 ሰዓት በፊት አይታጠብ። እትብቱ ላይ ከጤና ተቋም የተሰጠው የክሎርሄክሲዲን ቅባት ካለ እንደታዘዘው ቀባው፤ ከሌለ ደረቅ አድርጎ መተው ነው። ቅቤ፣ አመድ፣ የሱቅ ቅባት አይነካውም። ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች እጠፈው፣ ሽንት እንዳይደርስበት። የጠዋት ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ለትንሽ ደቂቃ ጥሩ ነው፤ በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባው ግን ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጠውም።

ወተቱ ይበቃዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ቤቱን የሚያስጨንቅ ነው። መልሱ ዳይፐሩ ላይ አለ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ከሸና፣ የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድሩም ወደ ቢጫ ከተለወጠ እየጠገበ ነው። ጎረቤት «ወተቷ ቀጭን ነው» ብሎ ጡጦ ሊያስገዛህ ሲል ይህን አስታውስ። ከጠባ በኋላ የማስገሳት ሥራ ያንተ ይሁን፤ ትከሻህ ላይ አቁመህ ጀርባውን ቀስ ብለህ መታ መታ አድርግ። ሌሊት እሷ አጥብታ ስትተኛ አንተ አግሳው፣ ጨርቁን ለውጥ፣ መልሰህ አስተኛው። ይህ ብቻ ለእሷ በየሌሊቱ የሚቆጠር እንቅልፍ ይሰጣታል።

ትንፋሹን መቁጠር ልመድ። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ሸሚዙን ገልጠህ ሆዱን እይ፤ ሲነሳ አንድ፣ እንደገና ሲነሳ ሁለት እያልክ ሙሉ አንድ ደቂቃ በስልክህ ሰዓት ቁጠር። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የጨቅላ ትንፋሽ ፈጠን ዝግ ስለሚል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ቁጠር፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ ተነሥታችሁ ሂዱ። ሙቀቱ በብብት 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካመጣ፣ እስኪነጋ አትጠብቅ። ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ ሲያተኩሰው «ወባ ነው» ብለህ ከፋርማሲ ኮአርተም አትግዛ። ክብደቱ ከ5 ኪሎ በታች ለሆነ ጨቅላ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ትኩሳቱም የሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም በተለምዶ ሪፈራል ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይልካችኋል፤ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዝ አትውጣ።

ጎረቤትና አራስ ጠያቂ

ዘመድ ከሌለህ ጎረቤት ዘመድህ ነው። ከመውለዷ በፊት ቡና ጥሩ፣ እድር ግቡ፤ ወልዳችሁ ስትመለሱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ አጥሚቱን ይዞ የሚመጣው ይሄ ሰው ነው። በሩ አጠገብ ሳሙናና የውሃ ማንቆርቆሪያ አስቀምጥ፤ እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ፤ ጉንፋን የያዘው ደግሞ ከሩቅ ይጠይቅ። ይህን መናገር ያለባት አራሷ አይደለችም። አንተ በሩ ላይ ቆመህ በፈገግታ በል።

አንዳንድ ትልልቅ እናቶች ቅቤ ይዋጥ፣ የአብሽ ውሃ ይቅመስ፣ እንጥሉ ይቆረጥ፣ ግግ ይውጣለት ሊሉ ይችላሉ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ነገር ግን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ልጅ ይሞትበታል። «እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል» በላቸው። ለእሳቸውም ክብር ነው፣ ለአንተም ክርክር ያስቀራል። ምግብ ላይ ግን ስሟቸው፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው ልክ ናቸው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በጠዋት ወርደህ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ገዝተህ ሾርባ ብታፈላላት ለአራስ ከዶሮ የማያንስ ነው፤ ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጥ፤ በደንብ ይብሰል።

እሷንም ጠብቃት። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ 907 ደውል። ወልዳ በሦስተኛው አራተኛው ቀን ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ሁለት ሳምንት አልፎ ማዘኗ ካልለቀቃት፣ ልጁን ማየት ከጠላች ወይም ልጁ እየተኛ እሷ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ይህ ሕመም ነውና አብረሃት ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ክትባትና ወረቀት

ሲወለድ ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያ በ9 ወርና በ15 ወር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከሆናችሁ የወንድ ልጅ የ40 ቀን ክርስትናና የ6 ሳምንቱ ክትባት አንድ ሰሞን ላይ ይውላሉ፤ የድግሱ ሽር ጉድ ክትባቱን እንዳያስረሳ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፈው። የክትባት ካርዱን በላስቲክ አድርገህ ያዝ፤ ፎቶም አንሳው።

ለከተማው አዲስ ከሆንክ መሸኛህን ከነበርክበት ቀበሌ አምጥተህ የነዋሪነት መታወቂያ አሁኑኑ አውጣ፤ ልደት የሚመዘገበው ወላጆች በሚኖሩበት ስለሆነ ያለዚያ ትንከራተታለህ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከሆስፒታል ስትወጡ የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት ተቀበል፤ ከሁለታችሁ መታወቂያና ካላችሁ ከጋብቻ የምስክር ወረቀት ጋር አያይዘህ ቀበሌ ይዘህ ቅረብ። የምስክር ወረቀቱ ሳይፈረም የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል አንብብ፤ የላቲኑ አጻጻፍ በመታወቂያህ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ማኅተም ከተመታ በኋላ አንዲት ፊደል ማስተካከል ሌላ ማስረጃና ሌላ ምልልስ ይጠይቃል።