ጭላዳን አፋር ብንወስደውስ? እንስሳት ለምን የተለያየ ቦታ እንደሚኖሩ ለልጆች ማስረዳት

ልጄ ኬጂ 2 እያለች የቤት ስራ ይዛ መጣች፣ በግራ በኩል የእንስሳት ስዕል በቀኝ ደግሞ ጫካ፣ ውሃ፣ በረሃ፣ ቤት፣ በመስመር አዛምዱ የሚል ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም፣ ሁሉንም አገኘችው። ዝም ብዬ "ግመል ለምንድነው በረሃ የሚኖረው?" ስላት "መስመሩ እዛ ስለሚሄድ" አለችኝ። ሃሃሃ። እኔ ደግሞ ላስረዳ ብዬ የባሰ አበላሸሁት፣ ሻኛው ውስጥ ውሃ አለ እንደ ሮቶ ነው አልኳት። ውሸት ነው። ሻኛው ስብ ነው።

ከዛ በኋላ ነው አንድ ዘዴ ያገኘሁት፣ ከ4 እስከ 7 አመት ላሉ ልጆች በደንብ ይሰራል። የት ይኖራል ብላችሁ አትጠይቁ፣ እንስሳውን የማይሆነው ቦታ ውሰዱትና ምን ይሆናል በሉ። ጭላዳን፣ ያን የደጋ ዝንጀሮ፣ አፋር ብንወስደውስ? አሳን ሶፋ ላይ ብናስቀምጠውስ? ልጅ እንዲህ አይነት ቀልድ ይወዳል፣ እየሳቀ "ለምን"ን ራሱ ያመጣዋል።

ግን መጀመሪያ ከራሱ ከልጁ ጀምሩ። ደብረ ብርሃን ስንሄድ ምን እንለብሳለን? ሹራብ፣ ጃኬት፣ ማታ ደግሞ ጋቢ። አዋሽ ስንወርድስ? ሁሉም ይወልቃል። እሺ በግስ ጃኬቱን ማውለቅ ይችላል? እዚህች ጋ ልጄ ዝም አለች፣ አሰበች፣ "አይችልም፣ የተሰፋበት ነው" አለች። በቃ ትምህርቱ ይሄ ነው፣ እኛ ልብስ እንቀያይራለን እንስሳው ግን የተሰፋበትን ይዞ ስለሚኖር ልብሱ የሚሆነው ቦታ ይፈልጋል።

በጉን ያመጣሁት በምክንያት ነው፣ ከአንበሳና ከዝሆን ይልቅ ልጆቻችን በአይናቸው ያዩት እሱን ነው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ባና የሚሰራው ከሱ ጸጉር ነው፣ ቤት ውስጥ የአያት ባና ካለ አውጡና ያስነኳቸው። የኦጋዴን በግ ደግሞ ጭንቅላቱ ጥቁር ሌላው ነጭ፣ ጸጉሩ አጭር፣ ስቡ በሙሉ ከኋላ ዳሌው ላይ የተከመረ። ስቡ ለምን አንድ ቦታ ሆነ? የግመሉም ሻኛ ለምን ጀርባው ላይ ብቻ? ስብ ማለት እንደ ጋቢ ነው፣ ሰውነቱን ሙሉ ቢለብሰው ሙቀቱ አልወጣ ብሎ ይታፈናል፣ ስለዚህ ስንቁን አንድ ቦታ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ውሃውንስ? ግመሉ ሲያገኝ ባንዴ 100 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ማለት ነው። ጀሪካኖቹን ደርድሩና አሳዩ፣ ቁጥሩን ብቻ ብትነግሯቸው ምንም አይመስላቸውም።

ጋቢውን በተግባር ማሳየት ከፈለጋችሁ ሁለት ሃይላንድ ውሰዱ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ሙሉባቸው (የፈላ አይሁን፣ ላስቲኩም ይጨማደዳል ልጅም ይቃጠላል)፣ አንዱን በጋቢ ጠቅልሉት ሌላውን እንዲሁ ተዉት። ከግማሽ ሰአት በኋላ ልጁ ራሱ ይንካቸው። "ጋቢው አሞቀው" ሊል ይችላል፣ አይደለም፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያዘው በሉት። ለእግር ደግሞ ሰፈር ውስጥ የግንባታ አሸዋ አይጠፋም፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫኑት፣ ከዛ በስኒ ማስቀመጫ። እስክሪብቶው ይሰምጣል፣ ማስቀመጫው ከላይ ይቀራል። የግመል እግር ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ለዚህ ነው።

ጭላዳን ማየት ከቻላችሁ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ሰሜን ተራሮች መሄድ ግዴታ አይደለም፣ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አካባቢ አለ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጭ ብሎ ሳር ሲነጭ ቁጠሩለት፣ በቂጡ እየተንሸራተተ በሁለት እጁ ነው የሚነጨው። ሳር የሚበላ ዝንጀሮ! ማታ ደግሞ ገደሉ ላይ ወርዶ ይተኛል፣ ነብርና ጅብ እዛ እንደልብ ስለማይደርሱበት። እና ልጁን ጠይቁት፣ አፋር ብንወስደው ሳሩስ? ገደሉስ? ይሄ ሁሉ ጸጉሩስ? ሶስት ምክንያት ባንዴ ያገኛል፣ ምግብ፣ መደበቂያ፣ ሙቀት። ለጭላዳው ሙዝ ምናምን እንዳትሰጡት ብቻ፣ ሰው ላይ መልመድ ይጀምራል።

መሄድ ካልቻላችሁ ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ ይበቃል። እኛ ውሃ ልክ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ገለበጥነው፣ ስር እርጥብ ነው፣ ሁለት የመሬት ትል አለ፣ ጉንዳን አለ። ልጄ አንዱን ትል ጸሃይ ላይ እናውጣው አለች፣ አይሆንም አልኳት፣ ትል ሳንባ የለውም በቆዳው ነው የሚተነፍሰው፣ ቆዳው ከደረቀ አየር አያገኝም። እጇን በውሃ አርጥባ ትንሽ ያዘችው፣ መለሰችው፣ ድንጋዩንም እንደነበረ ከደንነው። ቤት ዘረፍን እንዳይባል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። "ግመል ሙቀት ስለሚወድ ነው በረሃ የሚኖረው" አትበሉ፣ መውደድና መቻል ይለያያል፣ ይችለዋል በሉ። ሌላው "አንበሳ የጫካ ንጉስ" የሚባለው ነው፣ አብዛኛው አንበሳ የሚኖረው ሳርና ቁጥቋጦ ያለበት ሜዳ ላይ ነው፣ የኛ አገር ግን ያስቸግራል ምክንያቱም ባሌ ሐረና ደን ውስጥ የእውነት የጫካ አንበሳ አለ። አንድ እንስሳ አንድ ቦታ የሚለው መስመር ማዛመድ ሁሌም አይሰራም ለማለት ነው። እዛው ባሌ ከሐረና ሽቅብ ስትወጡ ሳኔቲ ነው፣ 4000 ሜትር አካባቢ፣ ብርድ፣ ዛፍ የለም፣ ቀይ ቀበሮ ግን አለ። ምን ይበላል? አይጥና ፍልፈል፣ መሬቱ በነሱ ጉድጓድ የተሞላ ነው። ምግቡ ያለበት ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማታ ወጥ ቤት ገብታ ስትወጣ "በረሮ ለምን እኛ ቤት ይኖራል?" አለች። አንቺ ንገሪኝ አልኳት። ጣቷን እየቆጠረች፣ "ፍሪጁ ኋላ ይሞቃል፣ ጨለማ ነው፣ የኔ ብስኩት ፍርፋሪ አለ።" ትንሽ ቆይታ መጥረጊያውን ይዛ መጣች።