የቡና ችግኝን ከነፈንገሱ ማፍላት

ቡና የደን ልጅ ነው። ከፋ፣ ሸካና ያዩ ደኖች ውስጥ ዛሬም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ይገኛል። እዚያ ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ደግሞ ወደ አፈሩ ይዘረጋል። የዝናብ ደን ቀይ አፈር የተክል ምግብ የሆነውን ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ይይዛል። ሥሩ ብቻውን የሚያገኘው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ያለውን ነው፤ የፈንገሱ ክር ግን ሴንቲሜትሮች አልፎ ያመጣለታል። ቡናውም በምላሹ ስኳርና ቅባት ይሰጠዋል።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ። እዚህ የችግኙ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ከግንባታ ጉድጓድ በወጣ አፈር ነው። ከጥልቅ የወጣ አፈር ይህ ፈንገስ በጣም ያንሰዋል። በክረምት ተተክሎ በጋው ላይ የሚደርቅ ችግኝ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ፈንገሱን ቀድሜ አራባለሁ።

መጀመሪያ ይርጋለም አካባቢ ወይም ሌላ ቦታ ያረጀ ግን ጤነኛ ቡና በጓሮው ያለውን ሰው አስፈቅዱ። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርጋችሁ፣ ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር ከነቀጫጭን ሥሩ ውሰዱ። አንድ ባልዲ ይበቃል። ከጠወለገ ቡና ሥር ግን በፍጹም! በሽታውንም ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የተጠበቀ ደን ውስጥ ገብቶ መቆፈርም ነውር ነው።

አፈሩን ከታጠበ አሸዋ ጋር እኩል ቀላቅሉ። ከታች በተበሳ ባልዲ ሙሉትና በቆሎ ወይም ማሽላ ዝሩበት። ፈንገሱ ሕያው ሥር ካላገኘ አይራባም፤ በቆሎው ለዚህ ነው። ጎመንና ቀይ ሥር አይሆኑም፣ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም። ከ3 እስከ 4 ወር አጠጡት። ከዚያ ውሃውን አቁሙ። በቆሎው ሲደርቅ ፈንገሱ ዘሩን አፈሩ ውስጥ ይተዋል። አገዳውን ጣሉት፤ ሥሩን ግን ክተፉና ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ።

የቡና ችግኙን ወደ ፕላስቲክ ስታዛውሩ ከዚህ አፈር አንድ ጭብጥ ሥሩ ላይ ጨምሩለት። ሥሩ ይህን አፈር መንካት አለበት። ከላይ መበተን ልፋት ብቻ ነው።

አንድ ደንበኛዬ የሆኑ አባት «ልጄ፣ ዳፕ ማዳበሪያ ጣል ብታደርጊበት እኮ ቶሎ ይወፍራል» ይሉኛል። «አባባ፣ ዳፕ ፎስፈረስ አለው፤ ፎስፈረስ ከበዛለት ቡናው ፈንገሱን አያስገባውም» እላቸዋለሁ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በልኩ ይበቃል።

ፈንገሱ መያዙን በዓይን አታዩትም። እንጉዳይ አያበቅልም። ኮምፖስት ላይ የሚታየው ነጭ ሻጋታም እሱ አይደለም። ስለዚህ አንድ መደብ ያለ ፈንገስ ተዉና በአንድ ዓይነት አፈርና ውሃ አሳድጉት፤ ቅጠሉንና ሥሩን አስተያዩ። ሳታስተያዩ «ሠራ» አትበሉ።

ለዋንዛና ለጥቁር እንጨትም መንገዱ ይኸው ነው፤ አፈሩን ከዚያው ዛፍ ሥር ውሰዱ። ፓቱላ ለሚባለው የፓይን ዛፍ ግን አይሆንም፣ የእሱ ፈንገስ ሌላ ነው።